ስፖይለር — ይጠብቃል

ባለፈው ሳምንት ሰውዬውን በር ላይ አቁሜው ነበር የተለያየነው። ገጹ አልቆብኝ ነው፤ ይቅርታ። ለነገሩ እሱ ሳምንት መቆም አይከብደውም። ከዚያ በላይ የቆመ ሰው መሆኑን በዚያች ቅዳሜ ጠዋት እኔ አላውቅም ነበር እንጂ።

ዛሬ ለተቀላቀላችሁን ባጭሩ ላስታውስ። አባቴ ካፒቴን ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ሐኪሞች ልቡ ላይ ያላማራቸው ነገር አዩና የመብረሪያ ፈቃዱን ወሰዱበት። ሌላ ሰው ቢሆን አትክልት ይኮተኩታል። አባዬ ግን መኪናውን ከጋራዥ አስወጥቶ ዝናብ ላይ አቆማትና በቦታዋ አውሮፕላን አስገባ። የበረራ ሲሙሌተር ማለቴ ነው፤ ከአሮጌ አውሮፕላን የተነቀለ ወንበር፣ ጣውላ፣ ሦስት ስክሪን፣ ኮምፒውተር፣ መሪና እጀታዎች። ከውጭ ላየው የተበተነ የቤት ዕቃ ይመስላል። አባዬ ተቀምጦ ሲያበራው ግን ማኮብኮቢያው ስክሪኖቹ ላይ ይዘረጋል፣ ወለሉ በሞተር ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ አባዬም ከዕድሜው ላይ ሃያ ዓመት ይቀንሳል።

እጀታዎቹን የሠራለት ከአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ያመጣው ወጣት ሜካኒክ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮ በር እየገባ፣ ቱታውን ለብሶ ጠረጴዛው ሥር ይተኛል። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ የመዝገብ ደብተሩ ላይም ተራ በተራ እንጽፋለን። አባዬ ለሁለታችንም ስም አወጣልን። እኔ «ትሮትል» ተባልኩ። ትሮትል ለሞተሩ ጉልበት የሚሰጠው እጀታ ነው፤ እኔም ከተፈጠርኩ ጀምሮ ችኩል ነኝ። እሱ «ስፖይለር» ተባለ። ስፖይለር ክንፉ ላይ የሚነሱት ሳንቆች ናቸው፤ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ብድግ ብለው አየሩን ይሰብሩና ጎማውን መሬት ያስይዙታል። ሰውዬውም እንደዚያው እርጋታ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ ሻይ ይቀዘቅዛል።

ተዋደድን። አፍ አውጥተን ግን አልተባባልነውም። ስክሪን ሲጠፋ ጥቁር መስታወት ይሆናል፤ በእሱ ውስጥ እንተያይ ነበር። አባዬ መልሶ ሲያበራው ሁለታችንም ፊታችንን እናዞራለን። ከዚያ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ሰኞ፣ ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ ተባለ። ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ደብዳቤ አልጻፈም፣ አልደወለም። እኔም ኩሩ ነኝና አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች በየተራ ላግባሽ ብለውኝ ነበር፤ ሁለቱም ደግ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ግን ስክሪን ሲጠፋ የት ማየት እንዳለባቸው አያውቁም።

እንግዲህ በሩ ጋ ነን። ያንኳኳው የጓሮውን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ ኖሮ፣ ኮት ለብሶ፣ ከጆሮው በላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ አሁንም በጓሮ በር።

«የፊት በር አለ እኮ» አልኩት። ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ረጅም ነው፣ አንቀጽ ሁሉ አለው። ከአፌ የወጣው ግን ይኼ ብቻ ነው።

«እግሬ የሚያውቀው ይኼኛውን ነው» አለ። ከዚያ፣ «እንዴት ነዎት?» አለኝ።

ነዎት! ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት «አንቺ ልጅ፣ ቁጥሩን ዋጥሽው እኮ፣ ጮክ በይ» ይለኝ የነበረ ሰው፣ ነዎት አለኝ። አንቱታ ለሽማግሌ ክብር ነው፤ ለድሮ ወዳጅ ግን በር መዝጋት ነው።

«ደህና ነኝ፤ እርስዎስ?» አልኩት እኔም። ማን ከማን ያንሳል! ልቤ ግን ለአንቱታ የሚሆን አመታት አልነበረም የሚመታው።

አባዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቀን ነበር። የደወለለት እሱ ራሱ ነው፤ ለእኔ የነገረኝ ዓርብ ማታ ጥርሴን ስፍቅ ነው፣ አፌ አረፋ ሞልቶ መልስ እንዳልሰጥ። ሰውዬውን ሲያይ ግራ እጁን ዘረጋለት። ቀኝ እጁ ካለፈው ዓመት ሕመም ወዲህ ይንቀጠቀጣል።

«ስፖይለር! ሸበትክ እንዴ?»

«እርስዎ ሳይሸብቱ ቀሩና ለሁለታችንም እኔ ሸበትኩ፣ ካፒቴን።»

አባዬ ሳቀ፤ ከዚያ ነገሩን ነገረው። ሰኞ ቤቱን እንለቃለን፣ ደረጃ ወደሌለው ትንሽ ቤት እንገባለን። ሲሙሌተሩን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መጥቶ ይወስደዋል። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሥርዓት ማሳረፍ ይፈልጋል። ትሮትሉ ግን ሲመልሱት ዜሮ አይገባም፣ ስፖይለሩም ማንም ሳይነካው እየተነሳ አውሮፕላኑን አየር ላይ ያንቀዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሰውዬው።

«ከሄድክ ጀምሮ» አለ አባዬ። «ካርቶን እየሸጎጥኩበት ነው የኖርኩት።»

እውነቱን ነው፤ ከእጀታው ሥር የመድኃኒት ካርቶን አራት እጥፍ ሆኖ ተሸጉጧል። ሰውዬው ካርቶኑን አውጥቶ አየው፣ አባዬንም አየው። ነገ ከሰዓት በኋላ በረራ አለኝ አለና ኮቱን አወለቀ። እኔም ሒሳቤን ሠራሁ፤ እጀታዎቹ ልካቸውን እስኪይዙ ድረስ፣ ያን ያህል ነው ጊዜዬ። አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፣ ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ የምትል። ዛሬ ካልጠየቅኋት ከጣውላውና ከስክሪኑ ጋር ተጭና ልትሄድ ነው።

ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ሲከት ጣቱን አየሁ። ቀለበት የለም። ግን ሜካኒክ ሥራ ሲጀምር ቀለበቱን እንደሚያወልቅ እኔም አውቃለሁ፤ ማሽን ከያዘው ጣት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ባዶ ጣት ለእኔ ምንም አልነገረኝም። በዚያ ላይ እያየሁት መሆኑን አየኝ። አፈርኩ።

በዚህ መሃል አክስቴ ሻይ ይዛ ገባች። አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱን ያስተዳደረችው እሷ ናት፣ እኛንም ጭምር። ድሮ ሰውዬው ውሃ ሲለምናት በፕላስቲክ ጆግ ነበር የምትሰጠው። ዛሬ ትሪው ላይ ነጭ ጨርቅ አለ።

«ሻይ ይጠጡ እንጂ፣ ኢንጂነር» አለችው።

«አንተ ይበሉኝ፣ እትዬ። ያው ነኝ።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አለችና ስኳሩን ሁለት ጊዜ አማሰለችለት። አሁን የአንድ ትልቅ ጥገና ክፍል ኃላፊ መሆኑን ሰምታለች። ሰውዬው ሻዩን ሲቀበላት ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ አንጀቴን በላኝ።

ሥራው ተጀመረ። እሱ ጀርባውን ወለሉ ላይ አድርጎ ባትሪ ይዞ ጠረጴዛው ሥር ገባ። እኔ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። ልክ የማስያዝ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ እጀታውን አያይም፤ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚያውቀው እኛ ስናሳየው ነው። እስከ ጫፍ መግፋት፣ እስከ ጫፍ መመለስ፣ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

«እስከ መጨረሻው ይግፉት» አለ ከሥር። «መሃል ላይ ካቆሙ ያቆሙበትን ጫፍ ነው ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ መኖሩን አያውቅም።»

«አውቃለሁ» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ጠንከር አለ መሰለኝ፣ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

ትሮትል አንድን ገፋሁት። «መቶ።» መለስኩት። «አራት። ስድስት። አራት። ይዘላል።»

«ቆይ።» ከሥር የሽቦ ድምፅ፣ የጨርቅ ድምፅ፣ የአልኮል ሽታ። «አቧራ ጠጥቷል። አሁንስ?»

«ሁለት።»

«አሁን?»

«አንድ። ዜሮ። ዜሮ! ቆመ።»

«እንደገና።»

«መቶ። ዜሮ።»

«እንደገና በይ።»

በይ አለ። ሁለታችንም ሰማናት፤ ማንም አላነሳትም። ትሮትል ሁለትን ሠራን። ስንት፣ ዜሮ፣ አሁንስ፣ መቶ። ዜማው ተመለሰ። ጋራዡ ዕቃ ታሽጎ በካርቶን ተሞልቷል፣ ግድግዳው ላይ የተነሱ ሥዕሎች ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፣ ቁጥሮቹ ግን እንደ ድሮው ከጠረጴዛው በላይና በታች ይመላለሳሉ። ዓይኔን ብጨፍን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበርኩ። ስለዚህ ጨፈንኩ።

ስፖይለሩ ላይ ስንደርስ ቁጥሩ እምቢ አለ። እጀታው ተኝቷል፣ ስክሪኑ ግን ዘጠኝ ይላል። አባዬ የሞተሩን ድምፅ ሲያስነሳ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ እጀታውም ማንም ሳይነካው እንደ ሰነፍ ድመት ተንሸራተተ። አሥራ አንድ። አሥራ አራት።

«ነገርን ከሥሩ» አለ አባዬ።

«ከሥሩ ነኝ፣ ካፒቴን።» ብረት ተነካካ። ከዚያ ድምፁ ተለውጦ መጣ። «ይኼን ብሎን ማን ነው የፈታው?»

«እኔ እጄን አላስገባሁም» አለ አባዬ ቶሎ ብሎ።

«አራት ዙር ነው የተፈታው። እጀታውን አንቆ የሚይዘው እኮ ይኼ ነው። ይኼ ከተፈታ ምንም የሚይዘው የለም። ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ። ምን ላድርግ? አንተ አይደለህ የጻፍከው! ስንብት የለ፣ ደብዳቤ የለ፣ ደብተሩ ላይ ስፖይለር ይጠብቃል ብለህ ጽፈህ ሄድክ። ፈታሁታ!»

ይጠብቃል ስል «ብ»ን አላልቼ ነው ያልኩት፤ ብሎን ሲጠብቅ፣ ጫማ ሲጠብቅ እንደምንለው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በልቤ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ባትሪው እየተንከባለለ መጥቶ እግሬ ሥር ቆመ።

«ድገሚልኝ» አለ ድምፁ።

«ምኑን?»

«ቃሉን። እንዴት አድርገሽ ነው ያነበብሽው?»

ደገምኩለት። ቀስ ብሎ ከሥር ወጣ። ግንባሩ ላይ የግሪስ መስመር አለ። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከመጣ ጀምሮ በቀጥታ ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

«ደብተሩ አለ?»

ደብተሩን ለማምጣት ካርቶን አልፈታሁም። ከየትኛውም ዕቃ ጋር አላሸግሁትም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለምን ቦርሳዬ ውስጥ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ገጹን ራሱ ገለጠው፣ ሳያገላብጥ፣ በአንድ ጊዜ። በእሱ ቁም ጽሕፈት ሦስት መስመር፦

ትሮትል 1 — ልክ ነው።
ትሮትል 2 — ልክ ነው።
ስፖይለር — ይጠብቃል።

ሦስተኛዋን መስመር ጮክ ብሎ አነበባት። «ብ»ን አጥብቆ።

ፊደላችን ይህን አያሳይም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን አንባቢው ከራሱ አፍ ይጨምርበታል። «ብ» ከላላች፣ እጀታው ደርቋል፣ አልንቀሳቀስም ብሏል ማለት ነው። «ብ» ከጠበቀች ግን አንድ ሰው ሌላ ሰውን እየጠበቀ ነው። ስፖይለር ማን እንደሆነ ደግሞ እቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

እኔ ማን መሰልኳችሁ? የመማሪያ መጻሕፍት አራሚ ነኝ። ያኔም ጀማሪ አራሚ ነበርኩ። የሰውን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ እያከበብኩ ነው የምኖረው። ይህችን አንዲት ቃል አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜያት ስዞር አንድ ቀን እንኳ አጥብቄ አላነበብኳትም።

«ለምን በአፍህ አልነገርከኝም?» አልኩት። ያቺ ጥያቄዬ ናት፤ በመጨረሻ ወጣች፣ ከእንባ ጋር ነው የወጣችው።

ወደ በሩ አየ። አክስቴ ባዶ ብርጭቆ ልትሰበስብ መጥታ እዚያው ቆማለች።

«ቃል ገብቼ ነበር» አለ። «እንዳላናግርሽ፣ ደብዳቤም እንዳልጽፍልሽ። ሰው እስክሆን ድረስ። የጓሮ በርና የፊት በር ለየብቻ የተሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም ተባልኩ። እውነት መሰለኝ፤ ወጣት ነበርኩ። ግን የከለከሉኝ ንግግርና ደብዳቤ ነው። የሥራ መዝገብ አልከለከሉኝም።»

አክስቴ በያዘችው ትሪ ላይ ብርጭቆዎቹ ተንቃጨሉ።

«እና አምስት ወር ቆይቼ በእረፍት መጣሁ» አለ፣ አሁን ለእኔ ብቻ። «አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ካፒቴን እጀታዎቹን እይልኝ አሉኝ። መጀመሪያ ደብተሩን ከፈትኩ፣ መልስ አለው ወይ ብዬ። መልስ ነበረው።»

ጣቱን ከመስመሩ በታች አሳረፈ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በእኔ ጽሕፈት፦

ፈትቼዋለሁ። አሁን ነፃ ነው።

እግዜር ያሳያችሁ። ያን ቀን ምን እንደሆንኩ አስታውሳለሁ። በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ገልጬ፣ የመጨረሻ ቃሉ ስለ እጀታ መሆኑን አይቼ፣ በንዴት መፍቻ ይዤ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። አራት ዙር። እጀታው እንደልቡ መንቀሳቀስ ሲጀምር እያለቀስኩ ነበር የጻፍኩት።

«ብሎኑን ነው!» አልኩ። «ብሎኑን ነው የፈታሁት! አንተን አይደለም!»

«አሁን ገባኝ» አለ። «የዛሬ አሥር ደቂቃ።»

«ታዲያ ያኔ ብሎኑን ብታየው ኖሮ…»

«አላየሁትም። ደብተሩን ዘጋሁና ለካፒቴን ሆዴን አሞኛል፣ መምጣቴንም አይንገሯት ብዬ ወጣሁ።»

«ሎሚ እንኳ ይዘህ ሂድ ብዬህ ነበር» አለ አባዬ ከወንበሩ።

አንድ ጊዜ ሳቅኩ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት፣ በአንዲት ፊደልና በአንድ ብሎን። ጠላት ቢኖረን እንረግም ነበር። የት አለ? አንዱ ስህተት የእሱ፣ አንዱ የእኔ፣ ሁለቱም በንጹሕ ጽሕፈት።

አክስቴ ትሪውን ካርቶን ላይ አስቀመጠችና መጥታ ፊቱ ቆመች። ያቺ ሴት ለማንም ይቅርታ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

«ያኔም ሰው ነበርክ» አለችው። «እኔ ነኝ ያላየሁት፣ ልጄ።» አንተ አለችው፤ የድሮውን አንተ አይደለም፣ ሌላ አንተ ነው። ከዚያ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወጣች። ሰውዬው የሄደችበትን በር ረዥም ጊዜ አየ፤ ትከሻው ላይ የነበረ ነገር ሲወርድ አየሁት።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለ አባዬ ለእኔ። «የዘገየውስ ምን እንደሚባል ተረት አልተገኘለትም። ጨርሳችሁ እንደሆነ ነዳጅ እያለቀብኝ ነው።»

«አባዬ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«የፊደሉን ነገር? አላውቅም። መሣሪያ ነው የማነበው እኔ። አንቺ ደብተሩን ስትገልጪ ፊትሽ ምን እንደሚሆን ግን አነባለሁ። ታዲያ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ያንን እጀታ እንዲነካብኝ እንዴት ብዬ? እሱ የሠራውን እሱ ይየው ብዬ ካርቶን ሸጎጥኩ።»

ሰውዬው ተመልሶ ሥር ገባ። መፍቻው አንድ ዙር ሲዞር ተሰማ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እጀታውን ገፋሁት፤ በእርጋታ፣ ትንሽ እየከበደ ሄደ።

«ስንት?»

«መቶ።»

«መልሺው።»

«ዜሮ» አልኩ። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ጠበቅሁ። ዜሮ። ንቅንቅ አላለም።

አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጅ ግራው አቅፎት። እኔና ሰውዬው ጎን ለጎን አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ እጄ ትሮትሉ ላይ፣ እጁ ስፖይለሩ ላይ፣ በመሃል አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ። ስክሪኑ ላይ ደመናው ተከፈተ። ማኮብኮቢያው ከሩቅ እንደ ክር ታየ፣ ሰፋ፣ ሰፋ።

«ትሮትል» አለ አባዬ በድሮ ድምፁ።

«ዜሮ» አልኩ፣ እስከ ጫፍ መልሼ።

ጎማው ነካ። ወለሉ አንዴ ደንገጥ አለ።

«ስፖይለር!»

«አለሁ» አለ ሰውዬው። ማለት የነበረበት «ተነስቷል» ነው፤ አለሁ ነው ያለው። እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳበ። አውሮፕላኑ ክብደቱን መሬት ላይ ጣለ፣ ፍጥነቱ ወደቀ፣ ቆመ። አባዬ እጆቹን ከመሪው ላይ አነሳ። ከዚያ ማብሪያውን ራሱ ነካና ሦስቱም ስክሪኖች ጠፉ።

ጥቁር መስታወት። በውስጡ አየኝ፣ አየሁት። አባዬ አላበራውም። እኛም ፊታችንን አላዞርንም።

«ውሌ ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቶታል» አለ ሰውዬው ወደ መስታወቱ። «ሁለት ዓመት ብዬ ሄጄ ውሉን ሳድስ የኖርኩት የምመለስለት ስላልነበረኝ ነው። ሚስት የለኝም፤ ጠዋት ጣቴን ስታዪ ልነግርሽ ነበር። ስምንት ወር ብቻ።» ደብተሩንና እስክሪብቶውን ጉልበቴ ላይ አኖረ። «መልስሽን እዚህ ጻፊልኝ። ይዤው ልሂድ።»

እስክሪብቶውን ከፈትኩ። ከሁለቱ አሮጌ መስመሮች ሥር ባዶ ቦታ አለ። እጄ ወረቀቱ ላይ ደረሰና ቆመ። እስክሪብቶውን መልሼ ከደንኩት።

«አልጽፍም» አልኩ።

በመስታወቱ ውስጥ ፊቱ ሲጠወልግ አየሁ፤ ሊነሳም ቀና አለ። አይ ስፖይለር! በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቸኮለ፣ እሱም በተሳሳተ ቦታ።

«ተቀመጥ» አልኩት። «እኔና አንተ ወረቀት አልሆነንም። ጆሮህን አምጣ።»

አመጣ። ፀጉሩ የብረትና የአልኮል ሽታ አለው። አንዲት ቃል ነው የነገርኩት። እሱም አንገቱን ሳያነሳ እጁን ከስፖይለሩ ወደ ትሮትሉ አሻግሮ እጄ ላይ አሳረፈው፤ ያቺ አንድ ጣት የማትሞላ ቦታ ጠፋች።

ቃሉን እዚህም ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። እናንተም በወረቀት ላይ ስታዩት አላልታችሁ ታነቡብኝ ይሆናል። ምን እንዳልኩት ግን ታውቃላችሁ። «ብ»ን አጥብቄያታለሁ።